ጀልባን መሐል ሐይቅ ላይ የሚያስቀር ቺንጋ

ባሕር ዳር፦ ከደቅ ደሴት እህሉን ጭኖ ወደ ገበያ የሚነሣ አርሶ አደር፣ ገዳማቱን ለመሳለም የሚጓዝ ምዕመን፣ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል ለማድረስ የሚጣደፍ ቤተሰብ፣ ሁሉም ጀልባ ላይ በወጡ ጊዜ ሕይወታቸውን ለአንድ ሞተር አደራ ይሰጣሉ። መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽ ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ሥር ይጠብቃል። ጀልባ ግን መውረጃ የለውም። ሞተሩ በቆመበት ቅጽበት መሪው ኃይሉን ያጣል፣ ጀልባው ጎኑን ለማዕበሉ ይሰጣል፣ ነፋሱም ወደ ወደደው ይወስደዋል።

ሞተርን በድንገት ከሚያቆሙ ብልሽቶች መካከል አንዱ በዋጋው ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ አነስተኛ ከሚባሉት የሚመደብ የጎማ ቀበቶ መበጠስ ነው። መካኒኮች “ታይሚንግ ቺንጋ” ይሉታል። በጊዜው ከተቀየረ ወጪው ቀላል ነው። ሳይቀየር ቀርቶ ከተበጠሰ ግን ቴስታታውን፣ ቫልቮቹንና አንዳንድ ጊዜም ፒስተኖቹን ይዞ ይጠፋል። ይህ ጽሑፍ ቺንጋው ምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚበጠስና የጀልባ ባለቤቶች ምን ሊያደርጉ እንደሚገባ ያብራራል።

ሁለት ዘነዘና፣ አንድ ሙቀጫ

በገጠሩ አካባቢ ሁለት ሰዎች በአንድ ሙቀጫ በየተራ ሲወቅጡ ያየ ሰው የሞተርን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። አንደኛው ዘነዘናውን ሲያነሣ ሌላኛው ያወርዳል። ተራው እስከተጠበቀ ድረስ ሥራው ይፋጠናል። አንዱ ለአፍታ ከተዘናጋ ግን ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል።

በሞተር ውስጥም እንዲሁ ነው። ባለ አራት ምት የናፍጣ ሞተር አየር ይስባል፣ ያምቃል፣ ናፍጣው ተቃጥሎ ኃይል ይሰጣል፣ በመጨረሻም ጭሱን ያስወጣል። ለዚህ ሥራ ፒስተኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳሉ፤ አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት ቫልቮችም በየተራቸው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ፒስተኖቹ የተያያዙት ከታች ካለው ክራንክ ሻፍት ጋር ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ደግሞ ካም ሻፍት ነው። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካም ሻፍቱ በትክክል አንድ ጊዜ መዞር አለበት። በሁለቱ መካከል ሆኖ ይህን ተራ የሚያስጠብቀው ታይሚንግ ቺንጋው ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ የናፍጣውን ፖምፓ የሚያዞረውም ይኸው ቺንጋ ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ የማቀዝቀዣውን ውኃ ፖምፓም ጨምሮ ያዞራል።

የሥራውን ብዛት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ሞተሩ በደቂቃ 2 ሺህ 400 ጊዜ እየዞረ ከሆነ ካም ሻፍቱ በደቂቃ 1 ሺህ 200 ጊዜ ይዞራል። ይህም ማለት እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 20 ጊዜ፣ በሰዓት ደግሞ 72 ሺህ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ የሚተላለፈው በቺንጋው ጥርሶች ላይ ነው።

የእርስዎ ሞተር ቺንጋ አለው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ሊሆን ይገባል፤ ምክንያቱም ሁሉም ሞተር ታይሚንግ ቺንጋ የለውም። ለከባድ ሥራ የተሠሩ አብዛኞቹ የጀልባ ናፍጣ ሞተሮች ክራንክ ሻፍቱንና ካም ሻፍቱን የሚያገናኙት በማርሽ ነው። ማርሽ ንጹሕ ዘይት እስካገኘ ድረስ የሞተሩን ዕድሜ ያህል ያገለግላል። በጣና ዙሪያ አርሶ አደሮች ለመስኖ የሚጠቀሙባቸው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮችም በተለምዶ የሚሠሩት በማርሽ ነው። ሌሎች ሞተሮች ደግሞ ካቴና አላቸው። ካቴና በዘይት ውስጥ የሚሠራ ሲሆን በድንገት የመበጠስ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ሲያረጅ ይለጠጣል፣ ድምፅም ያሰማል።

ቺንጋ በብዛት የሚገኘው ከመኪና ሞተር ተወስደው ለጀልባ በተስማሙ ሞተሮች ላይ ነው። በመኪና ላይ ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ግላስ 1004 በተባለው የጀርመን መኪና ላይ ነበር። በ1976 ቮልስዋገን በናፍጣ የሚሠራውን ጎልፍ በዚሁ ቺንጋ አቀረበ። ቀላል፣ ጸጥ ያለና ርካሽ በመሆኑ በብዙ አነስተኛ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ተስፋፋ፤ ከዚያም ሞተሮቹ ወደ ጀልባ ሲሸጋገሩ ቺንጋውም አብሯቸው ተሻገረ። የፐርኪንስ ፕሪማ፣ ከእርሱ የተገኘው የቮልቮ ፔንታ ኤምዲ 22፣ እንዲሁም ባለ አምስት ሲሊንደሩ የቮልቮ ፔንታ ዲ 3 ቺንጋ ካላቸው የጀልባ ሞተሮች መካከል ናቸው።

ከጀልባው ኋላ የሚታሠሩ የውጭ ሞተሮችም ልዩነት አላቸው። ባለ ሁለት ምት የሆኑት እንዲህ ያለ የቫልቭ ሥርዓት ስለሌላቸው ታይሚንግ ቺንጋ የላቸውም። ባለ አራት ምት ከሆኑት ግን በርካቶቹ አላቸው።

ለመለየት የሞተሩን ፊት ለፊት መመልከት ይቻላል። ቺንጋ ያለው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ቡሎኖች የተያዘ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከስስ ቆርቆሮ የተሠራና ዘይት የማይነካው ክዳን አለው። ማርሽ ወይም ካቴና ያለው ደግሞ ዘይት እንዳያፈስ በጥብቅ የታሸገ ወፍራም የብረት ክዳን አለው። እርግጠኛው መልስ ግን የሚገኘው ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነው። ከውጭ በዓይን የሚታየውን፣ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ ከታይሚንግ ቺንጋ ጋር ማምታታት አይገባም። የውጭኛው ቢበጠስ ሞተሩ ይግላል ወይም ባትሪው ይደክማል፤ ያም ሆኖ በመለዋወጫ በቶሎ ሊተካ ይችላል። የውስጠኛው ቢበጠስ ነገሩ ሌላ ነው።

ሲበጠስ ምን ይሆናል?

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይቀጣጠልም። አየሩን ከ16 እስከ 22 እጥፍ አምቆ በሚፈጠረው ሙቀት ናፍጣውን ያቀጣጥላል። አየሩ ይህን ያህል እንዲታመቅ ፒስተኑ እስከ ጫፍ ሲወጣ በእርሱና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ መሆን አለበት፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ አይበልጥም። ስለዚህ ተከፍቶ የቀረ ቫልቭ መግቢያ ቦታ የለውም።

ቺንጋው ሲበጠስ ካም ሻፍቱ ባለበት ይቆማል፤ ከቫልቮቹም አንዳንዶቹ እንደ ተከፈቱ ይቀራሉ። ክራንክ ሻፍቱ ግን በያዘው ኃይል መዞሩን ይቀጥላል። ፒስተኖቹ ወጥተው ቫልቮቹን ይመታሉ። ቫልቮቹ ይጣመማሉ፤ የቫልቭ መሪዎቹ ይሰነጠቃሉ፤ ፒስተኑ ሊበሳ፣ ካም ሻፍቱም ሊሰበር ይችላል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ጀልባ ነጂው እጁን ከመሪው ሳያነሣ፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ቺንጋው ሳይበጠስ ጥርስ የሚዘልበት ጊዜም አለ። ለምሳሌ የክራንክ ሻፍቱ ፑሌጃ 20 ጥርስ ቢኖረው የአንድ ጥርስ መዝለል የ18 ዲግሪ መዛባት ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ለመነሣት ይቸገራል፣ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ከወትሮው የተለየ ጭስ ያወጣል። እንዲህ ያለ ሞተር “ዛሬን ይሥራና ነገ እናየዋለን” የሚባልበት አይደለም።

ለምን ይበጠሳል?

ቺንጋው ከጎማ፣ ጎማውን እንዳይለጠጥ ከሚይዙት የፋይበር ግላስ ክሮችና ጥርሶቹን ከሚሸፍን ጨርቅ የተሠራ ነው። ጎማ እንደማንኛውም ጎማ ያረጃል። ሞተሩ ባይሠራ እንኳ ዓመታት በማለፋቸው ብቻ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ “ጀልባው ብዙ አልሠራም” የሚለው ምክንያት ቺንጋውን አያድነውም።

ሁለተኛው ጠላቱ ዘይትና ናፍጣ ነው። በክራንክ ሻፍቱ ወይም በካም ሻፍቱ ጫፍ ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ ሲያረጅ ዘይት ወደ ቺንጋው ይንጠባጠባል። ዘይት የነካው ቺንጋ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጥርሶቹም ይላጣሉ። ዘይት የጠጣ ቺንጋ ተጠርጎ አይድንም፤ ፍሳሹ ከምንጩ ተስተካክሎ ቺንጋው መቀየር አለበት።

ሦስተኛው ምክንያት ከቺንጋው ውጭ ያለ ነው። ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ተሽከርካሪ ወይም የውኃው ፖምፓ ኩሽኔታ ሲነክስ፣ አዲስ ቺንጋ እንኳ ተፈግፍጎ ይበጠሳል። ለረጅም ጊዜ ቆሞ በሚከርም ጀልባ ውስጥ ደግሞ እርጥበቱ ፑሌጃዎቹን ያዝጋል፤ ዝገቱም ሞተሩ ዳግም ሲነሣ ጎማውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጣና ጨው አልባ ሐይቅ በመሆኑ በባሕር ዳርቻ ያሉ አገሮችን የሚያስቸግረው የጨው ዝገት እዚህ የለም። የሞተር ክፍሉ እርጥበት ግን አለ።

አራተኛው ሙቀት ነው። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውኃ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ጣናን ሲያስጨንቅ የኖረው እምቦጭ ሥሩና ቅጠሉ የውኃውን መግቢያ ሲዘጋ ሞተሩ ይግላል። በፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠምም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እንዲታገል ያደርገዋል። አንድ ጊዜ መጋሉ ቺንጋውን በዚያው ቀን ላይበጥሰው ይችላል፤ ሙቀቱ በተደጋገመ ቁጥር ግን ጎማው ከዕድሜው በፊት ይደርቃል።

አምስተኛውን ብዙዎች አያስተውሉትም። የውጭኛው የዲናሞ ቺንጋ አርጅቶ ሲበጣጠስ ቁራጩ በክዳኑ ክፍተት ገብቶ ታይሚንግ ቺንጋውን ከመስመሩ ሊያስወጣው ይችላል። በትንሹ ቺንጋ ላይ የታየ ቸልተኝነት ትልቁን ይዞ ይሄዳል።

በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም

የመኪና ባለቤት የቺንጋውን ዕድሜ በኪሎ ሜትር ይቆጥራል። የጀልባ ሞተር ግን የሚቆጠረው በሠራበት ሰዓት ነው። ልዩነቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና 1 ሺህ ሰዓት ሲሠራ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በቀን አራት ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን የሚሠራ ጀልባም በአንድ ዓመት 1 ሺህ ሰዓት ይሞላል። ባለ ጀልባው “ገና አንድ ዓመቱ ነው” የሚለው ሞተር በመኪና ቋንቋ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። በዚያ ላይ መኪና ቁልቁለት ሲያገኝ ያርፋል፤ የጀልባ ሞተር ግን ውኃውን እየገፋ ያለ ዕረፍት ይሠራል።

አምራቾች የመቀየሪያውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይወስናሉ፤ በሰዓትና በዓመት። ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይሠራል። ቁጥሩ እንደ ሞተሩ ዓይነት ስለሚለያይ ከመመሪያው መጽሐፍ ላይ መነበብ አለበት። የሰዓት መቁጠሪያ የሌለው ወይም የተበላሸበት ጀልባ የየዕለቱን የሥራ ሰዓት በደብተር ሊመዘግብ ይገባዋል። ያገለገለ ሞተር የገዛ ሰው ደግሞ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ማስረጃ ካላገኘ፣ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ መቀየሩ ይበጀዋል።

ለዚህ ሥራ ምቹ የሚሆነው የተሳፋሪው ቁጥር የሚቀንስበት የክረምቱ ወቅት ነው። በክረምቱ የተፈተሸ ጀልባ የመስከረሙን እንግዳና የጥሩን የጥምቀት ተጓዥ በልበ ሙሉነት ይቀበላል።

ሲፈተሽና ሲቀየር

በፍተሻ ጊዜ ክዳኑ ተከፍቶ ስንጥቅ፣ የተላጠ ጥርስ፣ የተፈተለ ጠርዝ፣ የዘይት እርጥበት፣ ወይም በክዳኑ ውስጥ የተከማቸ ጥቁር የጎማ ብናኝ መኖሩ ይታያል። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ሰዓቱ አልሞላም ተብሎ አይታለፍም። በአንጻሩ ቺንጋው ለዓይን ደኅና መስሎ መታየቱ ዋስትና አይሆንም፤ የክሮቹ ድካም ከውጭ አይታይምና።

ቅየራው ሥራውን ለሚያውቅ መካኒክ የሚተው ነው። ባለቤቱ ግን ምን መደረግ እንዳለበት ቢያውቅ ሥራውን መከታተል ይችላል።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ከቀዘቀዘና የባትሪው ገመድ ከተነቀለ በኋላ ነው። ከዚያም ክራንክ ሻፍቱና ካም ሻፍቱ በአምራቹ ምልክት ላይ ይቆማሉ፤ መቆለፊያ ፒን ያላቸው ሞተሮች በፒናቸው ይቆለፋሉ። ቺንጋው ከወጣ በኋላ ሁለቱን ለየብቻ ማዞር ቫልቭና ፒስተን ያጋጫል።

ቺንጋው ብቻውን አይቀየርም። የሚወጥረው ተሽከርካሪ፣ አብሮት የሚዞረው ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚያዞረው ከሆነም የውኃው ፖምፓ አብረው ይቀየራሉ። የዘይት መከላከያዎቹም በዚሁ አጋጣሚ ይታያሉ። ቺንጋ ብቻ ቀይሮ ያረጀ ኩሽኔታ መተው፣ በአሮጌ አቁማዳ አዲስ እህል እንደ መክተት ነው፤ ቀዳዳው ያንኑ ያፈሳል።

አዲሱ ቺንጋ አይታጠፍም፣ አይጠመዘዝም፣ በጠመንጃ መፍቻ እየተገፋ አይገባም፤ ውስጡ ያሉት ክሮች ይሰበራሉ። ውጥረቱም በመመሪያው ልክ መሆን አለበት። ከላላ ጥርስ ይዘላል፤ ከጠበቀ ደግሞ ኩሽኔታውን ይጨርሳል። ዕቃው ሲገዛ የክፍሉ ቁጥር ከሞተሩ ቁጥር ጋር መመሳከር አለበት፤ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ወይም ማሸጊያው የተቀደደ ቺንጋ አይገዛም።

የመጨረሻው እርምጃ ሞተሪኖውን ከመንካት በፊት ክራንክ ሻፍቱን በቁልፍ ተይዞ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ነው። ሁለቱ ዙሮች ካም ሻፍቱን አንድ ዙር ያዞሩታል፤ ምልክቶቹም ወደ ቦታቸው መመለስ አለባቸው። በመሐል እንቢ ያለ ነገር ካለ በጉልበት መግፋት አይገባም፤ ቫልቭ ከፒስተን ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ የዘለለ መካኒክ የቀሪውን ልፋት ሁሉ ለዕድል ይተወዋል። ሥራው ሲጠናቀቅ ቀኑና የሞተሩ ሰዓት ተጽፎ በክዳኑ ላይ ይለጠፋል።

መሐል ሐይቅ ላይ ቢቆምስ?

ታይሚንግ ቺንጋ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ጀልባ ነጂው ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ከወትሮው ቀለል ባለና በፈጠነ ድምፅ ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ይህ ድምፅ ከተሰማ እጅን ከቁልፉ ማንሣት ያስፈልጋል። ደጋግሞ መሞከር የተረፉትን ቫልቮች መጨረስ ነው።

በዚህ ሰዓት ጉዳዩ ሞተሩን የማዳን ሳይሆን ሰውን የማዳን ነው። ተሳፋሪዎች ባሉበት ተቀምጠው የሕይወት አድን ጃኬት ይለብሳሉ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ተነሥቶ እንዳይሄድ መከልከል ያስፈልጋል። ቀጥሎም መልሕቅ ይጣላል፤ መልሕቁ ጀልባውን ከመንሳፈፍ ብቻ ሳይሆን ፊቱን ወደ ማዕበሉ በማዞር ከመገልበጥ ይጠብቀዋል። በዚህ ረገድ ጣና ለጀልበኞች ያደላል። ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። መልሕቅ በደንብ እንዲይዝ ገመዱ ቢያንስ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ መርዘም ስላለበት፣ 70 ሜትር ጠንካራ ገመድ የያዘ ጀልባ በሐይቁ የትኛውም ክፍል ለመቆም ይበቃዋል። ከዚህ ጋር መቅዘፊያ፣ ባትሪው የተሞላ ስልክና በወደቡ የሚቀር፣ የተሳፋሪዎቹን ቁጥርና የመድረሻ ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ሊኖር ይገባል።

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። ታይሚንግ ቺንጋ የሚቀየረው ደኅና ሳለ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ ባለቤቶች ወጪውን እንደ ብክነት የሚያዩት። ደኅናውን ቺንጋ አውጥቶ መጣል ያሳዝናል። ነገር ግን ጀልባ ላይ የሚወጣው ገበሬ፣ መነኩሴም ሆነ ነፍሰ ጡር እናት የሞተሩን ክዳን ከፍተው ማየት አይችሉም። እነርሱን ወክሎ የሚያየው፣ ደብተሩንም የሚይዘው ባለ ጀልባው ነው።